ነገረ ቁሌት ወነገረ ትምህርት

የሀገራችን ሊቃውንት ስለ ዓለማተ መላእክት፣ ስለ ሰማይ መስኮቶችና ስለ ባሕረ ሐሳብ ብዙ ደክመው ብዙ ጥራዝ አቆይተውልን ሲያልፉ፣ በየሰፈሩ በየዕለቱ የምትታየው፣ በአንድ እጇ ማማሰያ በሌላው እጇ የኮሌጅ ሀንድአውት ይዛ በምድጃ ፊት የምትቆመው ወጣት እናት አንዲት ገጽ ሐተታ እንኳ ሳይጻፍላት መቅረቷ፣ ለትምህርት ክብር እንሰጣለን ለምንል ሁሉ ታላቅ ጉድለት ነው። ይህን ጉድለት በዐቅማችን ለመሙላት ስንነሣ፣ አስቀድመን የነገሩን ማንነት እንወስናለን። የማታ ተማሪ እናት ማለት፣ በበኩር ልጇ ምክንያት ያቋረጠችውን ትምህርት ተከታዩ ልጅ ጡት ሲተው ለመፈጸም የተነሣች፣ ቀን በሥራ ገበታዋ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ በኤክስቴንሽን ክፍል፣ ከዚያም በኋላ ቤተ ሰቡ እስኪተኛ ድረስ በማድ ቤት የምትገኝ ፍጥረት ናት። መቼ እንደምትተኛ በምርመራችን አልተደረሰበትም።

በመጀመሪያ ስለ ስፍራ እንናገራለን። የቀደመው የትምህርት ሥርዓታችን ዕውቀት ከዘመድ በመራቅ እንደሚገኝ ይመሰክራል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከሀገር ወደ ሀገር የሚሻገረው በመንደሩ የቅኔ መምህር ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ በእናቱ ቤት ተቀምጦ መማር እንደማይቻል ከልጅነቱ ስለ ተረዳ ነው፤ በየደጁ የሚያሳድደው ውሻ ብርቱ ጠላቱ ቢሆንም፣ ውሻው «የቤት ሥራዬን አሠሪኝ» አይለውምና። እንግዲህ ተማሪው ከእናቱ ቤት መሸሽ እንዳለበት ጥንቱን የታወቀ ሲሆን፣ እናቲቱ ራሷ ተማሪ በሆነች ጊዜ ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደምትሸሽ ግን የጻፈ አልተገኘም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ለቀው፣ ዩኒቨርሲቲውም በስማቸው ተጠርቶ በ1954 ዓ.ም. መመረቁ ይታወቃል። ስለ ትምህርት ፍቅር አንድ ንጉሠ ነገሥት ሙሉ ግቢ በለቀቁበት ሀገር፣ በምንመረምረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምግብ ጠረጴዛውን አንድ ማዕዘን የሚለቅ ሰው ስላልተገኘ፣ እናቲቱ ጥናቷን በማድ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ፣ በጨው ዕቃና በበርበሬ ቆርቆሮ መካከል አቁማለች።

ቀጥሎ ስለ ጊዜ ነው። ኮሌጁ ዓመቱን በሴሚስተር ይከፍለዋል፤ ማድ ቤቱ ግን በሊጥ ይከፍለዋል። የጤፍ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከላይ የጠለለው ውሃ ይቀዳል፤ ከሊጡም ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፤ አብሲቱ በርዶ ከሊጡ ጋር ተዋሕዶ ኩፍ ባለ ጊዜ፣ ያን ጊዜ መጋገር ነው እንጂ «ነገ የኮስት አካውንቲንግ ፈተና አለብኝ» ቢሉት የሚሰማ ሊጥ የለም፤ ቢያሳድሩት ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠ እንጀራ ደግሞ ከጎደለ ማርክ ይልቅ በቤተ ሰብ ዘንድ ለብዙ ቀን ይታወሳል። ይሁን እንጂ ምጣድ ከማድ ቤት ዕቃ ሁሉ ለትምህርት የሚመች ሆኖ ተገኝቷል። አንድ እንጀራ ከክዳኑ ሥር ዓይን አውጥቶ እስኪበስል ያለው ጊዜ አንድ አንቀጽ ለማንበብ ልክ ነውና፣ አንድ መሶብ ሲሞላ አንድ ምዕራፍ ይፈጸማል፤ ረጅም አንቀጽ የሚወድ መምህር ግን ስንት ጠርዙ የደረቀ እንጀራ በስሙ እንደ ተበላ አያውቅም። ቁሌት እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ እየተቁላላ እስኪቀላ፣ በርበሬውም ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እስኪበስል ድረስ ዓይንን ከድስት ማንሣት ማሳረር ስለሆነ፣ ከቁሌት ጋር የሚስማማው ንባብ ሳይሆን ቃል በቃል ማስታወስ ብቻ ነው። የአካውንቲንግ ደንቦች በቃል የተያዙት በዚህ ሰዓት መሆኑን የሚያስረዳው፣ እናቲቱ እስከ ዛሬ ዴቢትና ክሬዲትን ስትናገር ቀኝ እጇ ክብ እየሠራ መዞሩ ነው።

ስለ ጥራዙም ጥቂት እንበል። በብራና መጻሕፍቶቻችን ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ይለያል፤ በእናቲቱ ሀንድአውት ላይ ግን ቀዩ በርበሬ ስለሆነ ማዕረግ ሳይመርጥ ይወድቃል። ለታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ስለ እርጅና ተቀናሽ የሚያትተው ምዕራፍ ቅቤ የነካው በመሆኑ በፍስክ፣ ስለ ኦዲት የሚናገረው ደግሞ በኑግ ዘይት የወዛ በመሆኑ በጾም እንደ ተነበበ ያለ ክርክር ይታወቃል። ሆኖም ረቡዕና ዓርብም ጾም ናቸውና፣ ጠንቃቃ ተመራማሪ ከዳር እስከ ዳር በዘይት የወዛ ሙሉ ምዕራፍ ካላየ በቀር ለሁዳዴው 55 ቀን አይፈርድም። በዚያ ዘይት መካከል የወተት ጠብታ ቢገኝም «እናቲቱ ጾም ገደፈች» ማለት ስሕተት ነው፤ ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጾም ስለማይታዘዝበት፣ ወተቱ የሕፃኑ፣ ዘይቱ የአባቱ፣ ሁለቱን ድስት የጣደችው ግን አንዲት ሴት መሆኗን ያስረዳል እንጂ።

ከዚህ በኋላ የባልን ቃል እንተረጕማለን። ባል ይህች ሴት ትማር ዘንድ የፈቀደ፣ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ሳያጉረመርም የከፈለ፣ በጓደኞቹም ፊት «ሚስቴ እኮ ዲግሪዋን ልትይዝ ነው» እያለ የሚመካ ደግ ሰው ሲሆን፣ በፈተና ሰሞን የተናገረው ቃል «አንቺ አጥኚ፤ ለእኔ ያለው ይበቃኛል» የሚል ነው። ሐተታ፦ ያለው ማለቱ ገና ያልተሠራውን ነው። አንድም፦ የትናንቱን ሽሮ ማለቱ ነው፤ ነገር ግን ሽሮው በቀረበለት ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ተመልክቶታልና ይህ ትርጓሜ አይጸናም። አንድም፦ አጥኚ ማለቱ እውነት ነው፤ ከራት በፊት ይሁን ከራት በኋላ ግን አልወሰነም። አንድም፦ ቃሉ የፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ ረኃብን ይታገሣል፤ እስከ 3 ሰዓት። ማማሰያውን ለእርሱ የማስረከብ ሙከራም ተደርጎ፣ በትጋት ቢያማስልም፣ «ቀላ ወይ?» «ይኸ መቅላቱ ነው?» «ውሃ ልጨምር?» እያለ ስለ ጠየቀ፣ ተማሪዋ ያን ማታ ከገጹ አርእስት አላለፈችም። ከዚህም የተነሣ በቤቱ ውስጥ ለትምህርቷ ያልተሰጠ ነገር እንደሌለ፣ ፈቃድም ገንዘብም ምርቃትም እንደ ተሰጠ፣ ያልተሰጠው አንድ ያልተጠራ ሰዓት ብቻ እንደ ሆነ ተረጋግጧል።

የምርመራችን ፍጻሜ የምረቃው ዕለት ነው። ጋውኑ ከመከራየቱ በፊት ዶሮው ተገዝቷል፤ በዋዜማውም በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ በሥርዓቱ 12 ብልት ወጥቶለት፣ እንቁላሉም በእንግዳው ልክ ተቀቅሎ፣ ቁሌቱ ሌሊቱን ሲማሰል አድሯል፤ ያማሰለችውም ተመራቂዋ ናት፤ የሌላ እጅ ወጥ ለእንግዳ እንደማይቀርብ አማቷ «ልጄ፣ ያንቺ እጅ እያለ» ብለው አስቀድመው ወስነዋልና። ማዕዱ በቀረበ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ይህ ዲግሪ የመላው ቤተ ሰብ ድካም ፍሬ መሆኑን በሰፊው ካስረዱ በኋላ፣ ፈረሰኛውን በእጃቸው እንደ ያዙ «ማስተርሱንም እንዲሁ ያብላን» ብለው መረቁ፤ ቤቱም በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። አንደኛው ዲግሪ ስንት ዶሮ እንደ ፈጀ ከዚህ በላይ ታይቷል፤ ሁለተኛው ስንት እንደሚፈልግ፣ ሽንኩርቱንም ማን እንደሚከትፍ መመርመር ግን ለሚቀጥሉት ሊቃውንት፣ ይልቁንም ገና ማማሰያ ላልጨበጡት ወንዶች ሊቃውንት፣ የተተወ ነው።