የመነኮሳት ጽዋ

ፈረንጅ ወይን ጠጅ ሲቀምስ ቀርቦ ያላየ ሰው፣ ሥርዓተ ቅዳሴ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ የማያውቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ለሥራ ወደ አውሮጳ በተመላለስሁበት ዘመን፣ ነጭ ፎጣ በክንዱ ላይ አጣጥፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ በለሆሳስ የሚመላለሰውን የወይን ጠጅ አሳላፊ ባየሁ ቁጥር፣ በልጅነቴ የማውቃቸው ዲያቆናት ትዝ እያሉኝ ከወንበሬ ልነሣ ይቃጣኝ ነበር። ልዩነቱ የእኛ ዲያቆን «ተንሥኡ» ሲል ምእመናን ሲነሡ፣ ይህኛው አፉን በከፈተ ቁጥር የሚነሣው የጠርሙሱ ዋጋ መሆኑ ነው።

አሳላፊው ጉንጭ የማይሞላ ወይን በብርጭቆዬ ጠብ ያደርግና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በፊቴ ይቆማል። በአገራችን መኳንንት ግብር ላይ ጠጅ የሚያሳልፈው ሰው፣ ጌታው በመርዝ እንዳይጠፋ፣ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ስለ ነበረ፣ አደጋውን የሚቀበለው ቀጂው ነበር፤ እዚህ ግን የሚቀምሰው ከፋዩ ሆኖ ባገኘው፣ ፈረንሳዮች በአብዮታቸው ጊዜ በመኳንንቶቻቸው ላይ ያደረጉት ነገር ትዝ አለኝ። ምክንያቱ ኋላ ተገለጠልኝ፤ ቡሹ አንዳንድ ጊዜ በሻጋታ ይበላሽና ወይኑን እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ያሸተዋል፤ ቅምሻውም ይህ ነውር እንዳለበትና እንደሌለበት ለመመርመር ነው እንጂ፣ እንግዳው ወይኑን ይወደው እንደ ሆነ ለመጠየቅ አይደለም። ስለዚህ በጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ጌታ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ብርጭቆውን አሽከርክሮ፣ ስለ እንጆሪና ስለ ጽጌረዳ ረጅም ስብከት ሲያሰማ፣ አሳላፊው በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ የሚያዳምጠው፣ መልሱ ከጥያቄው ጋራ ምንም ዝምድና እንደሌለው እያወቀ ነው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከወዴት መጣ ብዬ ብመረምር፣ በየበርሜሉ ጀርባ መነኩሴ አገኘሁ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለምዕራባውያን መነኮሳት ሥርዓት የሠራው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ፣ ወይን ለመነኩሴ ከቶ እንደማይገባ ካስታወሰ በኋላ፣ የዘመኑን መነኮሳት ይህን ማሳመን እንደማይቻል አይቶ፣ ለእያንዳንዱ በቀን አንዲት መስፈሪያ ፈቀደ። የመስፈሪያይቱ ልክ ስንት እንደ ነበረ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ለምን እንዳልተቋጨ መገመት ግን አያዳግትም።

በቡርጎኝ አውራጃ፣ ከዲዦን ከተማ በስተ ደቡብ፣ ክሎ ደ ቩዦ የሚባለውን የወይን ቦታ ያቀኑት የሲቶ ገዳም መነኮሳት ናቸው፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ተከሉት፣ ኋላም ዙሪያውን በድንጋይ ቅጥር አጠሩት። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወይኑ የእነርሱ ነውና።) ከቅጥሩ በር ቆሜ ስመለከተው መሬቱ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ያዘነበለ ሲሆን፣ ከላይኛው ወገን የተለቀመው ወይን ረቂቅና ጥልቅ፣ ውኃ ከሚቋጥረው ከታችኛው ወገን፣ ከመንገዱ ዳር የተለቀመው ግን ደብዘዝ ያለ እንደ ሆነ ቀምሼ አረጋገጥሁ። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። 50 ሄክታር ያህል የሚሆነው ይህ ቦታ፣ የፈረንሳይ አብዮት የቤተ ክርስቲያኑን ርስት ወርሶ ከሸጠው ወዲህ እየተከፋፈለ፣ ዛሬ 80 ያህል ባለቤቶች አሉት፤ የጎጃምን የርስት ሙግት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወይኑን ከመቅመሱ በፊት ለዳኛው ማዘኑ አይቀርም። በቅጥሩ ውስጥ ያለው የጥንቱ ቤት ደግሞ በ1934 ወይን አልሸጥ ባለ ጊዜ የተቋቋመ የቀማሾች ማኅበር መሰብሰቢያ ነው፤ አባሎቹ ቀይና ወርቃማ ካባ ደርበው፣ የብር መቅመሻ በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ እየዘመሩ ግብር ይበላሉ። አብዮቱ መነኮሳቱን አስወጣ፤ ነጋዴዎቹ ካባ ለብሰው ገቡ።

ስለ ጣዕሙ ከተጠየቅሁ፣ ከቀይ ወይን ሁሉ የቡርጎኙን ፒኖ ኖዋር አስበልጣለሁ። መልኩ ሳስቶ ጣት በማዶው ይታያል፤ ሽታው መጀመሪያ የፍሬ ነው፣ ጥቂት ቆይቶ ግን ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ይሆናል፤ ሲውጡት ይጠፋና፣ ሄደ ብለው ተስፋ በቆረጡበት ሰዓት ከጉሮሮ ተመልሶ ይመጣል። ስለ ሻምፓኝ ግን ብዙ አልናገርም። የሚፈላውን ወይን ፈልስፏል እየተባለ የሚመሰገነው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን፣ በ1715 እስኪያርፍ ድረስ የደከመው ወይኑ በጠርሙስ ውስጥ ዳግመኛ እንዳይፈላ ነበረ፤ ሲከላከለው በኖረው ነገር መታሰቢያ ቆመለት። ሻምፓኝ ከጣዕሙ ይልቅ ድምፁ ይማርካል፤ ለሠርግ ይበቃል።

ቦርዶ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ወይኑም ሹመት አለው። ለ1855 የፓሪስ ኤግዚቢሽን፣ በንጉሠ ነገሥቱ በ3ኛው ናፖሌዎን ፈቃድ፣ የወይን ደላሎች የሜዶክን አውራጃ ቀይ ወይኖች፣ ከደጅም አንዱን ኦ ብሪዮንን ጨምረው፣ በአምስት ማዕረግ ከፈሏቸው፤ ሚዛናቸውም በገበያ ያወጣው ዋጋ ነበረ፤ ውድ የሆነው ደጃዝማች፣ ርካሹ ባላምባራስ እንደ ማለት ነው። ሙቶን የተባለው ቤት ሁለተኛ ማዕረግ በተሰጠው ጊዜ ቅር ብሎት ደጅ ይጠና ጀመር፤ 118 ዓመት ሙሉ ደጅ ከጠና በኋላ በ1973 የእርሻ ሚኒስትር የነበሩት ዣክ ሺራክ ፈርመውለት ወደ አንደኛው ከፍ አለ። በእኛ አገር ደጅ ጥናት የለመደ ሰው እንኳ ለዚህ ትዕግሥት ባርኔጣውን ያነሣል። የቦርዶው ካበርኔ ሶቪኞን በወጣትነቱ ምላስን ሰብስቦ የሚያደርቅ፣ ቁጡና ፊቱን የማይፈታ ነው፤ አሥርና ሃያ ዓመት በጓዳ ሲከርም ግን ቁጣው ይበርዳል፤ በዚህ ጊዜ የዝግባ እንጨትና የደረቀ ትምባሆ ሽታ ይሰጣል፤ ይህን አዛውንቱን ቦርዶ ሌላ ሰው የከፈለበት እንደ ሆነ እጅግ አደንቀዋለሁ።

በዚሁ በቦርዶ አንድ ጓዳ ውስጥ ነበር ታላቁ ፈተና የደረሰብኝ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆዎች ተሰልፈው፣ ጸጥታ ሰፍኖ፣ ሁሉም በየተራ እያሸተተና እየተጉመጠመጠ ሳለ፣ የቤቱ ሹም በእግራችን ሥር የተቀመጠውን ትልቅ የቆርቆሮ ዕቃ አመለከተና፣ የቀመስነውን ሁሉ እንድንተፋበት አዘዘ። እንግዲህ ፍረዱ፤ የቆረበ ሰው ዕለቱን ምራቁን እንኳ እንዳይተፋ እየተባለ ያደገ፣ ወይን ሲባል ለመሥዋዕት በውኃ ከሚዘፈዘፍ ዘቢብ በቀር ሌላ የማያውቅ የደብር ልጅ፣ ፎጣው ነጭ፣ ሻማው ከጠርሙሱ አጠገብ እየበራ፣ ሥርዓቱ ሁሉ ተሟልቶ ካለቀ በኋላ «ትፋ» ሲባል ምን ያድርግ? ጎረቤቴ፣ ጺማቸውን አሳምረው የተላጩ ሽማግሌ፣ ከሁለት ክንድ ርቀት አንዲት ጠብታ ሳያባክኑ ቀጭን መስመር አድርገው ሲተፉ አይቼ ተደነቅሁ፤ እንዲህ ያለ ጥበብ የአንድ ጀንበር ትምህርት አይደለም። እኔ ግን ሹሙ ፊቱን በመለሰ ቁጥር ዋጥ አደረግሁ። ዋጋውን አስቡ! በዚያች ጉንጭ አንድ በግ ይገዛ ነበር። ከሰባተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉም ወይን አንደኛ ማዕረግ ስለ መሰለኝ፣ በዕለቱ ሺራክ ብሆን ኖሮ በቦርዶ ሁለተኛ የሚባል ቤት ባልቀረ ነበር።

ምሁራኑም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። በ2001 በታተመ ጥናት፣ በዚያው በቦርዶ ወይን ጠጅ የሚማሩ 54 ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም ተቀብቶ ቢቀርብላቸው፣ የቀይ ወይን መዓዛ በሚነገርባቸው ቃላት ገለጡት። አፍንጫ ዐይንን ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ተፍተውት ነበር ወይስ ውጠውት ብዬ መጠየቅ አምሮኝ ነበር።

ወደ ጀርመን ስሻገር የሞዜል ወንዝ ሸለቆ ተቀበለኝ። ሰው በእግሩ ቆሞ ሊቆይበት በማይችል የድንጋይ ገደል ላይ ሪዝሊንግ የሚባለውን ወይን ተክለው፣ በመከር ጊዜ የተለቀመውን በአንድ ሐዲድ ላይ በሚሳብ ጋሪ ያወርዱታል። ቀላሉ ሪዝሊንግ ከመቶ ስምንት እጅ ያህል ብቻ አልኮል ያለው፣ ጣፋጩና ኮምጣጣው እኩል የሚሟገቱበት፣ ለፀሐይ ቀን የተሠራ መጠጥ ነው። ሲያረጅ ግን አንድ ጉድ ይወጣዋል፤ ላምባ ይሸታል። ቀጂው ይህን ላምባ በኩራት አሸቱልኝ ሲለኝ፣ በእኛ ቤት ላምባ የሸተተ ነገር ለኩራዝ እንጂ ለእንግዳ እንደማይቀርብ ልነግረው ቃጥቶኝ፣ በዝምታ ቀመስሁት፤ ሲቀመስ መልካም ነው፤ ግን ክብሪት አልጫርሁም።

ከሁሉ ያደላሁት ግን ለስኮትላንዱ ዊስኪ ነው፤ እዚያም መነኩሴው ቀድሞኝ ደርሷል። በ1494 በተጻፈው የመንግሥቱ የገቢና የወጪ መዝገብ ላይ፣ በንጉሡ ትእዛዝ መጠጡን እንዲያወጣ ስምንት ስፍር ብቅል የተሰጠው ዮሐንስ ኮር የተባለ መነኩሴ ነበረና። ብቅል! ገብስ ዘፍዝፈው፣ አብቅለው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በእርሾ አፍልተው፣ በመዳብ ድስት ሁለት ጊዜ ሲያነጥሩት፣ እናቶቻችን በሸክላ እንስራ የሚያወጡትን አረቄ ያየ ሰው በዚያ የሚቸግረው የብረቱ ብዛት ብቻ ነው። በአይላ ደሴት ደግሞ ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ በሚቆፈር፣ ለዘመናት በበሰበሰ የሣር አፈር ጢስ ስለ ሆነ፣ እነ ላጋቩሊንና ላፍሮይግ የተባሉት የደሴቲቱ ዊስኪዎች ሲቀዱ ቤቱን የአዮዲንና የጢስ ሽታ ይሞላዋል። ብዙ ፈረንጅ ሲሸሸው እኔ ወዲያው ተወዳጀሁት፤ ጋን በወይራ ታጥኖ ጠላ ሲጠመቅበት ያደገ አፍንጫ ከጢስ ጋራ ጠብ የለውም።

ያስጎበኙኝ ሽማግሌ በድንጋዩ ጓዳ ውስጥ በርሜሎቹን እያሳዩ፣ ዊስኪ ስሙን የሚያገኘው በኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት ሲተኛ እንደ ሆነ፣ በዚህም ጊዜ ከበርሜሉ በየዓመቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ተኖ እንደሚጠፋ፣ ይህንንም የመላእክት ድርሻ እንደሚሉት ነገሩኝ። እኔም በአገሬ ቅዱስ ሚካኤል በየወሩ በ12 ጽዋ እንዳለው፣ ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ፣ ቄሱ ከባረኩት በኋላ፣ የመልአኩን ድርሻ ማኅበርተኛው ቁጭ ብሎ እንደሚጠጣለት አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ወደ ላይ የሚተን ነገር የለም ማለት ነው?» አሉኝ፣ ብርጭቆዬን እየቀዱ።

«እኔ ያየሁት የለም» አልኋቸው።

ለረጅም ጊዜ አሰቡና፣ ወደ ማኅበሩ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቁኝ። ተራ ሲደርስ መደገስ ግድ መሆኑን ብነግራቸው አልከበዳቸውም፤ በጠላ ፈንታ በርሜል ቢያመጡ ይፈቀድ እንደ ሆነ ግን ማወቅ ፈለጉ። ይህ ከእኔ ሥልጣን በላይ ስለ ሆነ ሙሴ የሚባሉትን የማኅበሩን አለቃ ጠይቄ እንድጽፍላቸው ቃል ገባሁ። እርሳቸውም ሙሴ ሳይቀምሱ እንዳይፈርዱ ብለው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ በኪሴ ከተቱልኝ፤ በደሴቲቱ ላይ «ትፋ» ያለኝ ሰው አልነበረም።