«ራሴን ነኝ»፦ ስለ ፕሮፋይል የቀረበ ሐተታ

ራስን ለማወቅ ድሮ ዋሻ ያስፈልግ ነበር። ዘርአ ያዕቆብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ እንደ ተቀመጠና ስለ እውነት የመረመረውን እዚያ እንዳሰላሰለ በስሙ የሚጠራው ሐተታ ይተርካል። ዛሬ ቴሌግራም ለዚሁ ጉዳይ በነፃ የሚፈቅደው 70 ፊደል ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም ይቆጠራል። ቦታው ስለማይበቃ መርማሪው ምርመራውን ይዘልና በቀጥታ ውጤቱን ይጽፋል፦ «ራሴን ነኝ»። ይህ ዐረፍተ ነገር ምሁራዊ ትኩረት ተነፍጎት ቆይቷል። «ጎረቤቴን አይደለሁም» ብሎ ያስታወቀ ሰው የለም፣ ማንም አልጠረጠረውምና። ታዲያ ራሱን መሆኑን ማወጅ ያስፈለገው ሰው የጠረጠረው ማን ነው? የዚህ ጥናት መልስ፣ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚል ነው። ፕሮፋይልን ከሚያዩት ሁሉ የሚያምነውም እርሱ ብቻ ነው።

ማስረጃውን ከተመልካቾቹ እንጀምር። ተመልካች የሚያውቅና የማያውቅ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። የሚያውቀው ዘመድ፣ የሰፈር ልጅ፣ የዕቁብ ጓደኛ ነው። ፎቶው ላይ የተደገፈችው መኪና የማን እንደሆነች ያውቃል፤ አንዳንዱ ታርጋዋንም በቃሉ ይዟል። እንዲያም ሆኖ ላይክ ያደርጋል። ይህን እንደ እምነት የሚቆጥሩ አሉ፤ ስሕተት ነው። ላይክ ለቅሶ እንደ መድረስ ያለ ነገር ነው፦ የሚታየው የመጣው እንጂ ያዘነው አይደለም፤ ቀሪ የሆነ ደግሞ በራሱ ቀን ቀሪ ይበዛበታል። የማያውቀው ተመልካች ዘንድ ነገሩ አጭር ነው፤ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያልፋል። እንግዲህ የቀረው አንድ ሰው ነው። እርሱ ገጹን በቀን ደጋግሞ ይከፍታል፣ ላይኩን ይቆጥራል፣ ፊልተር ያጠራውን ፊቱን ይመረምራል። ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞም፣ እንዲህ ያለ መኪና የተደገፈ ሰው ለምን እንደሚሰለፍ ከልቡ ይገረማል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እዚህ ግን መልአኩ ያወጣው ስም አስቀድሞ የተያዘ ሆኖ ስለሚገኝ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይጨመርበታል።

አንድ ተቃውሞ ከታሪክ በኩል ይመጣል። አባቶቻችንስ በፈረስ ስም ይጠሩ አልነበረምን? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው ያው ፕሮፋይል አይደለምን? ክርክሩ ከባድ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ይጎድለዋል። የፈረስ ስም በሌላ አፍ የሚጠራ ስም ነው። ለምሳሌ ምኒልክንና ባልቻን በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አጠገባቸው ሆኖ ያየ ሠራዊት ነበር፤ ሊመሰክርላቸውም ሊታዘባቸውም ይችል ነበር። ሁለተኛውን ጉድለት ተመራማሪዎች ለምን እንደ ዘለሉት አይገባኝም፦ የፈረስ ስም ቢያንስ ፈረስ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአጭበርባሪ ነገር ነው። በሌላ ሰው ፎቶ ገጽ ከፍቶ የዋሁን ገንዘብ የሚያስልክ አለ፤ ስለዚህ ፕሮፋይልን ባለቤቱ ብቻ ያምነዋል ማለት አይቻልም ይሉናል። እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ደንቡ ይገለበጣል። ባለ ፌክ አካውንቱ የራሱን ገጽ የማያምን ብቸኛው ባለቤት ነው። የትኛው ፊት የእርሱ እንዳልሆነ፣ በየትኛው ከተማ እንደማይኖር፣ የትኛውን ዲግሪ እንዳልተማረ አንድ በአንድ ያውቃል፤ ካላወቀ ይያዛል። ራስን በማወቅ ረገድ፣ ማጭበርበሩን ለፖሊስ ትተን፣ ከሁሉም የላቀው እርሱ ነው። የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ራሱ ከዚህ ዓይነት ጥርጣሬ አላመለጠም። 1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ፣ መጽሐፉን የጻፈው ዘርአ ያዕቆብ ሳይሆን የብራናውን ቅጂ ወደ አውሮፓ የላከው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ በዛሬ አነጋገር ሪፖርት አደረገው። ክላውድ ሰምነር የተባለ ምሁር ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የኢትዮጵያዊው መሆኑን ለማረጋገጥ ዓመታት ደከመ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ማንም ይርታ ማን፣ ያን የጻፈው ሰው ዘርአ ያዕቆብ መሆን አለመሆኑን ያውቅ ነበር። የ«ራሴን ነኝ»ን ባለቤት ስለዚሁ ለመጠየቅ ግን አልተቻለም፤ ፕሮፋይሉን ቆልፎታል።