ሰልፍስ ድሮ ቀረ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ የዘንድሮን የድል በዓል ሰልፍ አያችሁት? እኔ አላየሁትም። መቅረቱንስ አልቀረሁም፤ ነጠላዬን አደግድጌ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ግን ከፊቴ የተሰቀለው የእጅ ስልክ መች አሳይቶኝ! ያ ሁሉ ሕዝብ ክንዱን ሽቅብ ዘርግቶ አርበኞቹን ይቀርጻል እንጂ የሚያያቸው የለም። አንዷማ ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ ከንፈሯን አሹላ ራሷን ታነሳለች። ጎፈር የደፉት አዛውንት ከኋላዋ እንደ ግድግዳ ሥዕል ሆነው ቀሩ። አይ ዘመን!

ሰልፍ በመንቆረር ነበር። ደብረ ማርቆስ የምትሏት ከተማ ማለቴ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስሟን የለወጡት አያቴ ሳይወለዱ ቢሆንም እኔን ያማከረኝ የለም።

ደግሞ ማስረጃ አለኝ። ከቁም ሣጥኑ ላይ የአባቴ አልበም አለ፤ ገጹ ጥቁር፣ በየመካከሉ ስስ ወረቀት የገባበት፣ ፎቶዎቹ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው። ግለጡና ተመልከቱ፤ አርበኞቹ ተነፋነፍ ሱሪ ታጥቀው፣ ውጅግራና አልቤን አንግተው፣ ከደረታቸው ላይ ባለ አምስት ዘንባባ ሜዳይ። አምስት ዘንባባ ማለት አምስቱንም የጠላት ዓመት ዱር ቤቴ ያለ ማለት ነው። አጎቴ ባለ አምስት ነበሩ።

ሥርዓትም ነበረ። ይኸው በ1959 የተነሣው፤ ከተሰላፊው ተማሪ መካከል አንዲት አህያ እንጨት ተጭና ታልፋለች። እሷም ብትሆን መስመሯን ጠብቃ ነው። ዝናቡ እንኳ ሰው ያከብር ነበር፤ በበዓሉ ቀን ጠብ ብሎ አያውቅም። ፎቶው ላይ ሁላችንም የያዝነው ጃንጥላ ለክብር ነው። ጭቃውም ያደረ ነው።

ፎቶ አንሺ እንደ ዛሬው መንገድ አልሞላም፤ አንድ ሰው ነበር። ካሜራውን ሆዱ ላይ ደግፎ፣ አቀርቅሮ ያይና «እንዳትነቃነቁ!» ይላል። አንዱ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ስለሚያወጣ እጁ አይባክንም፤ ያነሣው ሁሉ ፍጹም ነው። በካኪ ቁምጣ ባንዲራ ይዤ የቆምኩበት ፎቶ አለ። ጭንቅላቴ አልገባም። ከአንገት በታች ግን ምን ያለ ጥራት! የቁምጣዬ ስፌት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የልጅ ልጄ «አባባ፣ እርስዎ መሆንዎን በምን አወቁ?» ይለኛል። በጉልበቴ ነዋ!

በዓሉስ ቢሆን መች እንዲህ ይዋልል ነበር? ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ጃንሆይ ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስት ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፤ አለቀ። ደርግ መጣና የንጉሡ ቀን ይቅር ብሎ ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ ከተማዋ ከጣልያን እጅ የወጣችበት ዕለት ነው ተባለ። እሱም ሲሄድ በዓሉ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ገባ። እኔ እንዲህ ያለ መገለባበጥ አልወድም። በመጋቢት 28ቱ ፎቶ መፈክር ይዤ፣ ግራ እጄን ጨብጬ ሽቅብ አንስቻለሁ፤ በነገራችን ላይ በጣም አምሮብኛል። ያኔ ደግሞ የሕዝቡ የሰልፍ ፍቅር! ከቤት የሚቀር ሰው አልነበረም። ቀበሌው ስም እየጠራ ይቆጣጠር ነበር።

የዛሬ ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የኔ ግን እንዳለ ነው፤ አይጥ የበላውን ጠርዝ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የተጣበቁትን ገጾች፣ እታለም ስታገባ ገንጥላ የወሰደቻቸውን ካልቆጠርን አንድም አልጎደለም።

ዓይኔ ስለደከመ ያንኑ አልበም የልጅ ልጄ በስልኩ አንስቶ እያጎላ ያሳየኛል። ይህን ስልክ ማለት ግን አትመኑት። በቀደም የአጎቴን ደረት አጉልቶልኝ ዘንባባዎቹን ብቆጥር አራት ሆኑ። ደግሜ ብቆጥርም አራት። ቤተሰቡ ሁሉ አምስት ሲል ኖሮ! ሐሰተኛ ዕቃ ነው።

አባቴ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ስም ይጽፉ ነበር፤ የኋላ ሰው እንዳይቸገር። አንዱን ገልብጬ አነበብኩት፤ «እኔ፣ እሱና የዚያ ሰውዬ ወንድም» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ?

እናንተም በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ፎቶ ካላችሁ፣ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁና ከጀርባው ጻፉበት። በእርሳስ ይሁን፣ ሳትጫኑ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ያሳብጣል። ከመንቆረር ሰልፍ እኔን ከነጭንቅላቴ ያስቀረ ፎቶ ያለው ሰው ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በቴሌግራም ላኩልኝ።