የአባ ኮዳ ሳል

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ውስጥ፣ የካርቱም መርከቦች በባሮ ወንዝ ላይ ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡና ጭነው በሚመለሱበት ዘመን ነው፤ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው የንግድ ጣቢያውን ከፈቀዱ በኋላ መሆኑ ነው። በበጋ ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ሲገለጥ የውሃው ነዋሪ ሁሉ ዓይኑ ሰማይ ሰማይ ያያል።

አንድ ሰኔ አባ ኮዳ የተባለው ወፍ የአምባዛ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበትና ሳለ። ወዲያው የዓመቱ የመጀመሪያዋ መርከብ ጮኸች። በማግስቱ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ።

«አያችሁ?» አለ ጉማሬ። ያላየውም አየሁ አለ።

በዓመቱ «እባክህ ሳልልን» ብለው ለመኑት። ከግንቦት ጀምሮ ሳለ፣ ሳለ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ከስንት ቀን በኋላ መርከብ ስትጮህ የመጨረሻዋ ሳል ብቻ ተቆጠረች፤ የቀደሙት ማሟሻ ናቸው ተባለ። ከዚያ ወዲህ አባ ኮዳ ዓሣ አላጠመደም፤ ግብር ይመጣለታል። አዞ በነገሩ አላመነም። ዳሩ ግን እንስሳው ሁሉ ሳል ሊሰማ ወንዝ ዳር ሲሰበሰብ አዞ ምን ቸገረው?

አንድ ክረምት ጎርፍ አንድ ጉሬዛ ከነግንዱ ከጎሬ ጫካ ጠርጎ አመጣ።

የሳሉን ነገር ቢነግሩት «እኛ ዘንድ ሳምንት ሙሉ ዘነበ» አላቸው። «የገባና የብርብር ወንዞች ሞልተው ተገናኙ፣ ባሮ ሆኑ። መርከቧም ውሃ ሲሞላላት መጣች። እሱን በመሃል አጥንት አነቀው።»

«ታዲያ ለምን በዚያች ሰዓት?» አለች እንቁራሪት።

«በአንዱ ሰዓት መሳሉ መቼ ይቀር ነበር?»

እውነቱን ነው። ግን ዝናቡ በማያውቁት አገር ይዘንባል፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ ማለት ውሃ የጠማውን አያጽናናም፤ ሳሉ ቢያንስ የበጋ ሥራ ነበር። «ደገኛ ስለ ባሮ ምን ያውቃል!» ብለው ሸኙት።

ኋላ መርከቦቹ ቀሩ። ባሮ ግን ሞላ። «እኔ ስለ መርከብ ብዬ ሳልሁ ወይ?» አለ አባ ኮዳ፣ ታለፈ።

በሌላው ዓመት ይባስ ብሎ፣ አባ ኮዳ ጠግቦ በአንድ እግሩ ቆሞ እንደተኛ ጎርፉ ደረሰ። ሸንጎ ተቀመጠ። ጉማሬ አቀረቀረ።

«ሌሊት በእንቅልፉ ሲስል ሰምቻለሁ» አለች እንቁራሪት።

«እኔም» አለ አዞ ቶሎ ብሎ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለእንቅልፉም ሁለት አምባዛ ተጨመረለት።