ኬሚስቷ ባንክ ገባች

የኬሚስትሪ ተማሪዋ የተግባር ልምምዷን ባንክ ልታደርግ ነው ሲባል አማካሪ መምህሯ አዘኑ፤ እናቷ ግን እልል አሉ። «ልጄ ባንክ ገባች!» ደመወዝ እንደሌለው ማን ይንገራቸው?

ደግሞስ ምን ታድርግ? ከመስኳ ሳትወጣ ፋብሪካ የገባችው ጓደኛዋ ከሩቅ ቆማ ቦይለር ታያለች። «እንዳትነኪ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው» ተብላለች። ቤተ ሙከራው ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ዓመት ፈቃድ ላይ ነው። የእኛዋ ቢያንስ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነክታለች። ቶነሩ በአብዛኛው የፕላስቲክ ዱቄት መሆኑንም ለሠራተኞቹ አስረድታለች። ታዲያ ከመስኳ ወጣች ይባላል?

መንግሥት ከዓመታት በፊት 70 በመቶው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር አለ። ተማረ። የት ይለማመድ የሚለው በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።

እውቁ ኬሚስት ማይክል ፋራዳይም እ.ኤ.አ. በ1805፣ በ14 ዓመቱ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ በተለማማጅነት ገባ። የሚጠርዘውን እያነበበ ነው ከኤሌክትሪክ ጋር የተዋወቀው። የእኛዋም የምትጠርዘው አላጣችም፦ የቁጠባ ሂሳብ መክፈቻ ቅጽ፣ ከነፎቶ ኮፒው።

የዘንድሮ ተረኞች፣ ሪፖርቱ አያስጨንቃችሁ። ርዕሱን «በደንበኛና በገንዘብ ከፋይ መካከል የሚካሄድ አጸግብሮት» በሉት፣ ያልፋል። የግምገማ ቅጹን ግን ቀደም ብላችሁ ማህተም አስመቱ፤ ኃላፊው ስብሰባ ያበዛሉ።