አቃቂር በክፍያ

ድሮ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሐበሻ ለቅሶ ቤት ሲገናኝ «ወረቀት አገኘህ?» ይባባል ነበር። አሁን «ኪውኤ ጀመርክ?» ሆኗል። ኡበር የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሌሊት አዛውንት ስትጠብቅ የምታድረው፣ ሁሉም ቅዳሜና እሑድ ላፕቶፑን ታቅፎ የሶፍትዌር ፍተሻ ይማራል። እኔም አለሁበት። ኮድ መጻፍ የለም፣ ሌላው የሠራውን እንከን ማውጣት ብቻ ነው ተብለናል። እንከን ማውጣት ደግሞ ለእኛ ትምህርት ነው እንዴ? በሠርግ ዶሮ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳንውጥ «ቁሌቱ አልበሰለም» የምንል ሰዎች!

ጉዳችን የፈላው የባግ፣ ማለትም የሶፍትዌር እንከን፣ ሪፖርት ጻፉ የተባልን ዕለት ነው። አስተማሪው ሆን ብሎ ያበላሸውን የሆቴል መመዝገቢያ ገጽ ሰጠንና ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደሆነ በየተራ ጻፉ አለን። አጠገቤ ያለው ወንድም ግማሽ ሰዓት አቀርቅሮ ሲጽፍ ቆይቶ አስረከበ። አንድ ቃል ናት፦ «አይሠራም።» የቱ? «ሁሉም።» አንዲቷ ደግሞ ሙሉ ገጽ ጻፈች፤ ሲነበብ ስለ ገጹ ሳይሆን ስለሠራው ሰው ነው። «ልቡ ሌላ ጋ ነበር፤ ቤቱ ሰላም ያለ አይመስለኝም።»

የምንፈትሽበትስ መረጃ? ስም ሲጠየቅ ያው በሶ የሚበላው አበበ፣ ዕድሜ 30። ፎርሙ በደስታ ተቀበለ፣ እኛም በደስታ «አለፈ» ብለን ጻፍን። አስተማሪው ራሱን ያዘ። ከ18 እስከ 60 ዓመት ይፈቀዳል ከተባለ 17ን፣ 18ን፣ 60ን እና 61ን ነው የምትሞክሩት፤ ሶፍትዌር የሚሰናከለው ድንበር ላይ ነው፣ አለ። «የ17 ዓመት ልጅ ሆቴል ምን ይሠራል?» ብለው አንድ አባት ተቆጡ። ምን እንደሚሞከር የሚዘረዝረው ቴስት ኬዝ ሳይጻፍ ዋለ፤ የልጁ ሥነ ምግባር ግን በሰፊው ተመከረበት።

ይህ ሁሉ ምላስ ታዲያ አንዳችን የሌላችንን ሥራ ስንፈትሽ የት እንደሚገባ አይታወቅም። የክፍላችን ልጅ የሠራት አፕ መውጫውን ቀን ከመግቢያው በፊት ትቀበላለች፤ እንግዳው ሐሙስ ገብቶ ረቡዕ ይወጣል። ሁላችንም አይተናል። «በርታ፣ ቆንጆ ነው» አልነው። ያቺ ባግ እንከን መመዝገቢያው ጂራ ላይ ሳትሰፍር፣ ቡና ላይ ተነሥታ በማግሥቱ ባልቲሞር ደርሳለች።

አገር ቤት ያሉት ይሻላሉ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ሲዛባ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለ ተማሪ ኤቲኤም ፊት ተሰልፎ «ከሒሳቤ በላይ ባወጣስ?» የሚለውን ቴስት ኬዝ ሌሊቱን ሞከረው። ይኸው ድንበር ላይ መፈተሽ! መንገዱንም ለጓደኛ ሲያስረዱ ከአንድ እስከ መጨረሻ ጥርት አድርገው ነው፤ «አይሠራም» ያለ ማንም የለም። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ሲስተሙ ላይ ይሠራ የነበረ ሥራ ነው አለና፣ ብሩን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ አወጣ። እኛ ክፍል የሚለጠፈው ባጉ ነው፤ እዚያ ፈታኞቹ ተለጠፉ።

አይኤስቲኪውቢ የሚባል የሙያው ፈተናም አለ፦ 40 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ፣ ማለፊያው 26። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ተፈታኝ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። ክፍላችን ይህን እንደሰማ 15ቷን ለማርፈጃ መድቧታል።

አንድ የማንፈትሸው ሰነድ ግን አለን፤ ሪዙሜያችን። አምና ቦሌ ላይ በበርበሬና በሽሮ ሻንጣው ከኪሎ አልፎ ሲከራከር የነበረው ልጅ፣ ዘንድሮ «በአሜሪካ ባንኮች የ6 ዓመት የፍተሻ ልምድ» አለው። ሴሌኒየም ያውቃል፣ ኤስኪውኤል ያውቃል፣ ቡድንም መርቷል። ሪዙሜውን የሰጠው ጓደኛው፣ ለጓደኛው የሰጠው የአጎቱ ልጅ ነው፤ በየእጁ ሲያልፍ የተቀየረው ስም ብቻ ነው። ባለፈው አንዱ እሱንም ሳይቀይር ላከ።

ሪዙሜ የምትልኩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ቢያንስ ስሙንና ቀኑን እዩት። ቃለ መጠይቅ የሚያደርግላችሁ ሰውዬም ቴስተር ነው።