የውዴታ ግዴታ

«በፈቃደኝነት ነው» ሲሉኝ ቶሎ ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ። ልማዱ ከአገር ቤት አብሮኝ የመጣ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ደሞዙ በፈቃደኝነት ተቆርጦ ወደ ቤት ሲገባ፣ እናቴ የተረፈውን ቆጥራ «ፈቃደኛው ማነው?» ትለው ነበር። አባቴ ምን ይበል? ስብሰባው ላይ እጅ ሲወጣ እጁን አውጥቷል፤ ሲጨበጨብም አጨብጭቧል። ያላጨበጨበ ሰው አላየሁም ይል ነበር።

እናም ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ኩባንያ አንድ ወረቀት ሲለጥፍ ገና ሳላነበው ሆዴ ፈራ። ሥራዬ ከዋሽንግተን ወንዙን ተሻግሮ አርሊንግተን ነው፤ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ፀሐይ የማይደርስበት ምድር ቤት። በዚህ አካባቢ ይህ ሥራ ምን ያህል በሐበሻ እጅ እንዳለ ለዲሲ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወረቀቱ «የሠራተኞች የጤናና የወዳጅነት ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መገኘት በፈቃደኝነት» ይላል። ከሥሩ የሁላችንም ስም ተደርድሯል። «እመጣለሁ» ለሚል ሰው አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። «አልመጣም» ለሚል ግን ረጅም ባዶ መስመር፣ ከመስመሩ ራስጌ ደግሞ «ምክንያት» የሚል ጽሑፍ።

ካሸር ሆነው የሚሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ መልሰው አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼንን ወረቀት አውቀዋለሁ» አሉኝ። «የኛ ቀበሌ እሑድ እሑድ ስብሰባ ነበረው። ማንም አይገደድም ነበር። ብቻ የቀረ ሰው ስኳር ሊወስድ ሲሄድ ስሙ ከመዝገቡ አይገኝም።»

«ታዲያ ይሄዱ ነበር?»

«እኔማ ሻይ ያለ ስኳር አልወድም።»

እስክሪብቶ አወጡና «እመጣለሁ» ላይ ምልክት አደረጉ። እኔም ተከተልኳቸው።

እዚህ ላይ ስለ ኳስ ማውራት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተገጣጠመው በዚያው ሰሞን ነውና። ኳስ ስል የኛን አይደለም፤ ያንን እንደ ሎሚ ጫፍና ጫፉ ሾል ያለውን፣ ታቅፈውት የሚሮጡትን። የአሜሪካኖቹ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ውድድሩን ሴፕቴምበር ጀምሮ ፌብሩዋሪ ላይ ይጨርሳል። ተጫዋቹ አረፈ ሲባል አፕሪል ላይ እንደገና ይጠራል። 9 ሳምንት የሚዘልቅ ፕሮግራም ነው። ሁለት ሳምንት ብረት ማንሳትና ስብሰባ፣ ሦስት ሳምንት ሜዳ ላይ ቀለል ያለ ሥራ፣ በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ ኦቲኤ የሚሉት የ10 ቀን የቡድን ልምምድ። መላተም ክልክል ነው። ከዚህ ሁሉ ነባሩ ተጫዋች የግድ መገኘት ያለበት ጁን ላይ በምትደረግ አጭር ካምፕ ብቻ ነው፤ ከእሷ የቀረ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይቀጣል። ሌላው በሙሉ በፈቃደኝነት ነው። እንዲያውም ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር የተፈራረሙት ስምምነት፣ ማንኛውም የክለብ ኃላፊ «ይኼ እንኳ የፈቃደኝነት አይደለም» የሚል ፍንጭ ለተጫዋች እንዳይሰጥ ይከለክላል። ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ። የጋሼ ቀበሌ ሊቀመንበር እንኳን ይህን ያህል ጠንቃቃ አልነበሩም።

አሠልጣኞቹ ታዲያ ስምምነቱን አይጥሱም። የመጡትን ያመሰግናሉ። ያልመጡትን የሚቆጥረው ጋዜጠኛው ነው፤ ማታም ቴሌቪዥኑ ስማቸውን እየደጋገመ ያነበንባል።

ማናጀራችን የዋሽንግተኑ ቡድን የኮማንደርስ ደጋፊ ነው። ቡድኑ የሚለማመደው አሽበርን ነው፤ ዘመድ ልንቀበል ከምንሄድበት ከደለስ አየር ማረፊያ ትንሽ አለፍ ብሎ። በዚያ ሰሞን ሰውየው ወደ ምድር ቤቱ በወረደ ቁጥር ማን አሽበርን እንደተገኘ፣ ማን እንደቀረ ይነግረናል። የቀረ ሁሉ ለሱ ከዳተኛ ነው። ማታ ማታ የሚሠራ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ የተወለደ የኮሌጅ ተማሪ ደግሞ ተቃራኒው ነበር።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ እረፍት ላይ ናቸው። ለምንድነው የሚመጡት?» አላቸው አንድ ምሽት።

«ስንት ሰው ነው የሚጠራው?»

«90።»

«ውድድሩ ሲጀመርስ ስንት ይቀራል?»

«53። ጥቂቶቹ ደግሞ ለልምምድ ብቻ ተብለው ይያዛሉ።»

ጋሼ በጣታቸው አሰሉ። «እንግዲህ 37 ሰው ቦታውን ሊያጣ ነው። አንተ ከነሱ አንዱ ብትሆን ትቀራለህ?»

ልጁ ደንበኛ መጣ ብሎ ወጣ። ደንበኛ አልነበረም።

ቅዳሜ ደረሰና ማናጀሩ ፊሽካ ባንገቱ አንጠልጥሎ ፓርኩ ውስጥ ጠበቀን። የወዳጅነቱ ቀን ለካ የኳስ ጨዋታ ነው። ከሰዓት ሺፍት ስለነበረብኝ የሥራ ጫማዬን እንዳደረግሁ ነው የሄድኩት። ወገባችን ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩልን፤ ጨርቁን የተነጠቀ እንደወደቀ ይቆጠራል። ጋሼ ማሰሪያውን ዳበስ አደረጉና «ይኼ ሲነጠቅ ሱሪዬ አብሮ አይወርድም?» ብለው በአማርኛ ጠየቁ። ማናጀሩ መልካም ምኞት መስሎት አውራ ጣቱን አሳያቸው። ጋሼ ይህን ካዩ በኋላ ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ፤ ለመገኘት እንጂ ለመሮጥ አልፈረምኩም አሉ።

ከኤል ሳልቫዶር የመጣ አንድ ባልደረባ አለን። እኔና እሱ ኳስ ወደኛ ሲመጣ የሚቀድመን እግራችን ነው፤ በዚህ ምክንያት ፊሽካው እኛ ላይ ብዙ ጮኸ። በመጨረሻ ማናጀሩ ወደ ጎን ወሰደኝና ሥራዬን አቀለለልኝ። ዝም ብለህ ወደፊት ሩጥ፣ ከዛፉ ስትደርስ ዞር በል፣ እጅህን ዘርጋ። ሮጥኩ። ዞር አልኩ። ኳሱ ከላይ እየተሽከረከረ መጣ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጠው ደረቴ ላይ ነው! የመኪና ማቆሚያው ሕዝብ በአምስት ቋንቋ ጮኸ። እኔም ለደስታ ብድግ ብዬ ስወርድ ግራ እግሬ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ቋ! አለ። ድምፁ ዛፉ ሥር ተሰምቷል፤ ጋሼ «ወይኔ ልጄን!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ማናጀሩ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ያየው እግሬን ሳይሆን ኳሱን ነው። አልጣልኩትም ነበር። ደስ አለው።

«ማንም እንዳይነካው! ወጌሻ ነው የሚያስፈልገው» አሉ ጋሼ፤ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ወጌሻ አውቃለሁ ብለው ስልክ ደወሉ። ወጌሻው ኡበር እየነዳ ባልቲሞር ነበር። በስልክ «ያበጠው ወደ ውጭ ነው ወደ ውስጥ?» እያለ ሲመረምረኝ የሳልቫዶሩ ባልደረባዬ ትዕግሥቱ አለቀና በመኪናው ጭኖ ኢመርጀንሲ ወሰደኝ። አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱ ግን ተጎድቷል ተባልኩ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፕላስቲክ ጫማ አጠለቁልኝ። ቆሞ መሥራት የለም። ሥራዬ ደግሞ መቆም ነው።

ከዚያ የሕክምናው ቢል መጣ። ኩባንያውን ስለ ወርከርስ ኮምፕ፣ ስለ ሥራ ላይ ጉዳት ካሣ፣ ስጠይቅ በጣም ትሑት የሆነ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ዝግጅቱ ከሥራ ሰዓት ውጭ ነበር፣ ሰዓቱም አልተከፈለበትም፣ መገኘትም በፈቃደኝነት ነበር፤ ስለዚህ የሥራ ላይ ጉዳት አይደለም። ቶሎ እንዲሻልህ እንመኛለን። ስለዚያ ረጅም «ምክንያት» የሚል መስመር አንድም ቃል የለውም።

እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ቤት ስውል፣ ባለቤቴ ድራማዋን ስትከፍት፣ እኔ በስልኬ ስለ ጃዋን ጄምስ አነብ ጀመር። የዴንቨር ብሮንኮስ ተጫዋች የነበረ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሥራው ኳሱን የሚያቀብለውን ኳርተርባክ ከሚመጣበት መዓት መከለል። በ2019 ለአራት ዓመት 51 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በዚያው ዓመት ተጎዳና 3 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ዓመቱን ቤቱ አሳለፈ፤ ይህም የተፈቀደ ነበር። በዚያ ዓመት የፀደዩ ልምምድ በሙሉ በቪዲዮ ሆኖ ነበር፤ ውድድሩ ግን ሳይጎድል ተካሄደ። ዋንጫውንም የወሰደው ቶም ብራዲ ገና አዲስ የገባበት ታምፓ ቤይ ነው።

በ2021 የተጫዋቾቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጄሲ ትሬተር ነበር። የክሊቭላንድ ብራውንስ ተጫዋች፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የተማረ ሰው። ያለ ፀደይ ልምምድ መጫወት እንደሚቻል አይተናል፣ ሰውነታችንም ተጠቅሟል፣ ታዲያ ለምን እንመለሳለን? ብሎ ተከራከረ። የብዙ ቡድኖች ተጫዋቾች አንሄድም የሚል መግለጫ አወጡ። ቀድመው ያወጡት የዴንቨሮቹ ናቸው።

ሜይ ላይ ጄምስ ከክለቡ ግቢ ውጭ ሲለማመድ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ተጫዋች ክለቡ ግቢ ውስጥ እየሠራ ቢጎዳ ደሞዙ ይጠበቅለታል። ያንኑ እንቅስቃሴ ሌላ ጂም ውስጥ ሲሠራ ቢጎዳ ግን ጉዳቱ «ከፉትቦል ውጭ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ክለቡም የመክፈል ግዴታ የለበትም። ጄምስ ለዚያ ዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ይጠብቅ ነበር። ክለቡ አሰናበተው። ሊጉም ጊዜ ሳያጠፋ፣ ከግቢ ውጭ ለተጎዳ ሰው መክፈል እንደማይገደዱ ለክለቦቹ በደብዳቤ አስታወሰ። ብዙ ሳይቆይ የዚያው ቡድን ዴሾን ሃሚልተን ውጭ ሲለማመድ ጉልበቱ ተጎዳ፤ እሱም ተሰናበተ።

የኔን ደብዳቤ ከዚህኛው ጎን አስቀምጡት። ጄምስ በፈቃዱ ስላልሄደ ያ ደሞዝ አልተከፈለውም። እኔ በፈቃዴ ስለሄድኩ አልተከፈለኝም። ጋሼ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጥተው ይህን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «የእሱስ ሜዳ ጉድጓድ ነበረው?» አሉኝ በመጨረሻ።

ትልልቆቹ በዚህ ሁሉ አይነኩም። አሮን ሮጀርስ በዚያው በ2021 ከግሪን ቤይ የፀደይ ልምምድ ቀርቶ የ500 ሺህ ዶላር ቦነስ አለፈው፤ ዓመቱ ሲያልቅ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ብራዲ በ2018 ከኒው ኢንግላንድ ልምምድ ቀረ፤ በዚያው ውድድር ዋንጫ አነሳ። እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር ላማር ጃክሰን በ2024 በአብዛኛው ልምምድ ላይ ባለመገኘቱ 750 ሺህ ዶላር ቀረበት። እኔ በዚያ ገንዘብ ሰማይ የሚታይበት ሥራ እፈልግ ነበር። ማናጀራችን እነዚህ ስሞች ሲነሱ ከዳተኛ የሚለውን ቃል አያወጣም፤ የጫማውን ክር ያስራል።

ልምምዱ ጥቅም የለውም አልልም። አዲስ የተመለመለ ልጅ የቡድኑን አጨዋወት የሚማረው እዚያ ነው፤ አዲስ ኳርተርባክም ኳሱን ለማን በስንት እርምጃ እንደሚለቅ የሚለካው እዚያ ነው። ግቢው ራሱ ግን ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። በ2016 ሲያትል ሲሆክስ ክልክል የሆነውን መላተም በፀደይ ልምምድ አድርጋችኋል ተብሎ ክለቡ 400 ሺህ፣ አሠልጣኙ ፒት ካሮል 200 ሺህ ዶላር ተቀጥተዋል። ትሬተርን ደግሞ ብራውንስ ማርች 2022 አሰናበተው፤ ኦገስት ላይ ጫማውን ሰቀለ። በማኅበሩ ሥራ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም።

ፍርዴን እናገራለሁ። ቦታው ያልተረጋገጠለት ተጫዋች ይሂድ። አሠልጣኙን ለማስደሰት ሳይሆን፣ ጅማቱ መበጠሱ ካልቀረ የሚከፈልበት ግቢ ውስጥ ይበጠስ ብዬ ነው። የመቅረትን መብት መጠቀም ያለበት ትልቁ ተጫዋች ነው፤ እሱ ካልቀረ የሚቀር የለምና፣ ባልተገኘ ቁጥር ለነዚያ 37 ሰዎችም በሩን ትንሽ ይከፍታል። ሊጉ ደግሞ ክለቡ በሰጠው ፕሮግራም የሚለማመድ ተጫዋች የትም ይሁን የት ጉዳቱን ይሸፍን። ይህን እስካልፈረመ ድረስ ፈቃደኝነት የሚለውን ከወረቀቱ ላይ ያንሳልን።

እናንተም ሺፍት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ የወዳጅነት ቀን የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ካያችሁ፣ ሳጥኗ ላይ ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት «ብጎዳ ሕክምናዬን የሚከፍለው ማነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።